ዐመዱ የተበተነ እንዴት ይነሣል?

በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ከጧፉ፣ ከዕጣኑና ከነጠላው ጎን መንፈሳዊ መጻሕፍት ይሸጣሉ። ከዳዊቱና ከውዳሴ ማርያሙ መካከል መጽሐፈ ሄኖክ፣ ኩፋሌ፣ መቃብያን፣ አንዳንዴም ዕዝራ ሱቱኤል አይጠፋም። ለእኛ ብርቅ አይደሉም፤ ሰማንያ አሐዱ ብለን ከምንቆጥራቸው ናቸው። ለቀረው ዓለም ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጠፍተው የተገኙ መጻሕፍት ናቸው። የሙታን ትንሣኤ እምነት በአይሁድ ዘንድ መቼ ብቅ አለ፣ እንዴት አደገ፣ ወደ ክርስቲያኖችስ ምን ይዞ ተሻገረ ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ የየትኛውም አገር ሰው ይሁን ወዶም ሆነ ሳይወድ ወደ ግእዝ ይመጣል።

ትንሣኤ ሙታን በእኛ ትምህርት ከአምስቱ አእማደ ምሥጢር የመጨረሻው ነው። አምስቱን አእማድ በልጅነቱ የተማረ ሰው አብርሃምም ሙሴም ነገሩን ልክ እንደ እሱ በግልጽ ያውቁት እንደነበር ቢያስብ አይፈረድበትም። መጻሕፍቱ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሲነበቡ ግን እምነቱ ቀስ እያለ፣ ከመቶ ዓመት ወደ መቶ ዓመት፣ በደምና በክርክር መካከል ጎልቶ ሲወጣ ይታያል። (ከዚህ በታች የአገራችን ታሪክ ሲነሣ ካልሆነ በቀር ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንታዊቱ እስራኤል ሰው ሲሞት ወደ አባቶቹ ይሰበሰባል ይባል ነበር። አብርሃም ሣራን ለመቅበር በኬብሮን ዋሻ ገዛ፤ ያዕቆብ በግብፅ እንዳይቀብሩት ልጁን አስማለ፤ ዮሴፍም ዐፅሙን ይዘው እንዲወጡ አደራ አለ። ነፍስ የምትወርድበት ሲኦል ያኔ የኃጥአን መቀጫ ብቻ አልነበረም። ጻድቁም ኃጥኡም፣ ንጉሡም ባሪያውም የሚወርዱበት ዝምታ የሰፈነበት ጨለማ አገር ነበር። መዝሙረኛው ከሞት እንዲድን ሲማጸን የሚያቀርበው መከራከሪያ ሙታን እግዚአብሔርን አያመሰግኑም የሚል ነው፤ ከሞት በኋላ ሌላ ሕይወት አለ ብሎ በግልጽ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ አይከራከርም። የጻድቅ ዋጋው በዚሁ ምድር ነበር፦ ረጅም ዕድሜ፣ ብዙ ልጅ፣ የክብር ቀብር።

የክብር ቀብር የሚለውን ያዙልኝ። ፍልስጥኤማውያን የንጉሥ ሳኦልን ሬሳ በቤትሳን ቅጥር ላይ ሲሰቅሉት የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው አወረዱት፤ አቃጥለውም ዐፅሙን ቀበሩ። ሪጽፋ የተባለችው ሴት የተሰቀሉ ልጆቿን ሬሳ ወፍና አውሬ እንዳይበላው በዐለት ላይ ማቅ አንጥፋ ጠበቀች። ሳይቀበሩ መቅረት ከሞት የከፋ ነበር። ኤልያስ የሰራፕታዋን መበለት ልጅ፣ ኤልሳዕም የሱነማዪቱን ልጅ አስነሥተዋል፤ እነዚያ ልጆች ግን ወደዚሁ ዓለም ተመልሰው ኋላ ዳግመኛ የሞቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥዕል የመጣው ከስደት አገር ነው። ኢየሩሳሌም በ587 ቅ.ል.ክ. ገደማ በናቡከደነፆር እጅ ወደቀች። ቀደም ብሎ ተማርኮ ወደ ባቢሎን የወረደው ካህኑ ሕዝቅኤል በራእይ ወደ አንድ ሸለቆ ተወሰደ፤ ሸለቆው በደረቁ አጥንቶች ተሞልቶ ነበር። ሰዎቹ የተገደሉ እንጂ በአልጋቸው የሞቱ አልነበሩም፤ የቀበራቸውም የለም። አጥንት ከአጥንት ተጋጠመ፤ ጅማት፣ ሥጋ፣ ቆዳ ለበሰ፤ በመጨረሻም መንፈስ ገባበት። መጽሐፉ ራሱ ወዲያው ፍቺውን ይሰጣል፦ አጥንቶቹ የእስራኤል ቤት ናቸው፣ መነሣታቸውም ከምርኮ መመለሳቸው ነው። ሕዝቅኤል የተናገረው ስለ ሕዝብ ነበር። ሥዕሉ ግን ከፍቺው በላይ ኖረ። ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ244 ገደማ፣ በኤፍራጥስ ዳር በምትገኘው በዱራ ኤውሮጶስ የነበሩ አይሁድ ይህንኑ ራእይ በምኩራባቸው ግድግዳ ላይ በቀለም ሣሉት። ያን ጊዜ ሥዕሉን ያየ ምእመን የሚያስበው ስለ ባቢሎን ምርኮ ብቻ አልነበረም።

ከምርኮ በኋላ ይሁዳ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በፋርስ ነገሥታት ሥር አደረች። ፋርሶች በዘራዱሽት ሃይማኖት በዘመን ፍጻሜ ሙታን ይነሣሉ ብለው ያምኑ ስለነበር እምነቱን አይሁድ ከእነርሱ ወሰዱት የሚሉ ምሁራን አሉ። ሐሳቡ ቢሻገር የሚያስገርም አይደለም፤ እኔ ግን ብዙ ቦታ አልሰጠውም። የተዋሰውን ሐሳብ ሕዝብ የሚሞትለት የራሱ ጥያቄ ሲኖረው ነው። የአይሁድ ጥያቄ ምን እንደነበር ደግሞ መጽሐፈ ሄኖክ ይነግረናል።

መጽሐፈ ሄኖክ አምስት መጻሕፍት በአንድ የተጠረዙበት ነው። ከሁሉ ቀድመው ከተጻፉት አንዱ የትጉሃን መላእክትን አወዳደቅ የሚተርከው የመጀመሪያው ክፍል ሲሆን ሊቃውንት ወደ ሦስተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ይወስዱታል። በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ ሄኖክ ወደ ምዕራብ ተወስዶ አንድ ትልቅ ተራራ ያያል፤ በተራራው ውስጥ ጥልቅ ስፍራዎች አሉ። የሰው ልጆች ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩበት መሆኑን መልአኩ ሩፋኤል ያስረዳዋል። ሲኦል ከዚህ በኋላ አንድ ወጥ ጨለማ አይደለም። ክፍል ክፍል ተበጅቶለታል፦ ጻድቃን ለብቻ፣ በሕይወታቸው ሳይቀጡ የሞቱ ኃጥአን ለብቻ። ሄኖክን ያስደነገጠው ግን አንድ ድምፅ ነው። ከነፍሳቱ መካከል እየጮኸ የሚከስ ነበር። ማን እንደሆነ ሲጠይቅ አቤል ነው ተባለ፤ ወንድሙ ቃየን የገደለው፣ የቃየን ዘር ከምድር እስኪጠፋ ድረስ የማያርፈው አቤል። በግፍ ተገድለው አቤቱታ ለሚያሰሙም የተለየ ስፍራ አላቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጥያቄው ነፍስ ትሞታለች ወይስ አትሞትም የሚል የፈላስፋ ጥያቄ አልነበረም። የተገደለው ሰው ጉዳይ ተዘግቷል ወይስ ገና ክፍት ነው የሚል የፍርድ ጥያቄ ነበር። ሰው ተገድሎ፣ ገዳዩ ጠግቦ ሸምግሎ በክብር ተቀብሮ ነገሩ በዚያው ከቀረ እግዚአብሔር ፈራጅ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ሄኖክ መዝገቡ አልተዘጋም አለ። በዚያው ምዕራፍ ስለ አንዳንድ ኃጥአን ከዚያ ስፍራ አይነሡም ተብሎ መነገሩ ደግሞ ሌሎች እንደሚነሡ የሚያመላክት ነው።

ይህን መጽሐፍ ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ጠቅሶታል። አትናቴዎስ በ367 ለእስክንድርያ አብያተ ክርስቲያናት የላከው የቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር ግን ሄኖክን አላካተተም፤ በግሪኩና በላቲኑ ዓለም መጽሐፉ ቀስ በቀስ ጠፋ። የታሪክ ነገር ሆኖ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የቀባው ይኸው አትናቴዎስ ነው፤ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ጠብቃ ያቆየችውም ይህችው አገር ሆነች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ሦስት የግእዝ ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ሲደርስ ምሁራኑ ለብዙ መቶ ዓመታት በስሙ ብቻ ያውቁት የነበረውን መጽሐፍ በሙሉ አገኙት። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ1952 ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን አራተኛው ዋሻ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ፤ ሚሊክ የተባለው ሊቅ በ1976 አሳተማቸው። ከቁርጥራጮቹ ጥንታዊ የሆኑት ወደ 200 ቅ.ል.ክ. የሚጠጉ ናቸው። ከዚህ ግኝት በፊት የነበረው የተለመደ ትረካ የትንሣኤ ተስፋ የተጀመረው በመቃብያን ዘመን ስደት ነው ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የአቤል ጩኸት ከስደቱ ቀድሞ እንደተሰማ መቀበል ግድ ሆነ።

ስደቱ ሲመጣ ታዲያ ጥያቄው እሳት ሆነ። በ167 ቅ.ል.ክ. የሶርያው ንጉሥ አንጥያኮስ ኤጲፋንዮስ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ፤ ግዝረትንና ሰንበትን ከለከለ። አሁን የሚሞተው ሕጉን የጣሰው ሳይሆን የጠበቀው ነው። ዕድሜ ለጻድቅ፣ መቅሠፍት ለኃጥእ የሚለው የቀድሞው ሒሳብ ተገለበጠ። መጽሐፈ ዳንኤል በመጨረሻው ምዕራፉ በምድር ትቢያ ካንቀላፉት ብዙዎች እንደሚነቁ፣ እኩሌቶቹ ለዘላለም ሕይወት፣ እኩሌቶቹ ለጕስቍልና እንደሚነሡ የተናገረው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ለነበሩ ሰዎች ነው። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን የግለሰብ ትንሣኤ ያለ ምንም ጥርጥር የተነገረበት ቦታ ይህ ነው።

በግሪክ የተጻፈው ሁለተኛ መቃብያን ደግሞ ሥጋውን ራሱን ያነሣል። እናትና ሰባት ልጆቿ በንጉሡ ፊት እየተሠቃዩ ይሞታሉ። ሦስተኛው ልጅ ምላሱንና እጆቹን ዘርግቶ እነዚህን ከሰማይ እንዳገኛቸው፣ ከዚያውም መልሶ እንደሚቀበላቸው ይናገራል። ራዚስ የተባለው ሽማግሌ አንጀቱን በገዛ እጁ አውጥቶ ሲወረውር የሕይወትን ጌታ መልስልኝ እያለ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ነፍስህ ትድናለች ማለት መልስ አይሆንም። የተቆረጠው እጅ ነው፤ የሚመለሰውም እጅ መሆን አለበት።

የእኛ መቃብያን ከግሪኩ ጋር ስም እንጂ ታሪክ አይጋሩም። በእኛዎቹ ውስጥ ይሁዳ መቃቢስና ጦርነቱ የሉም። ያለው ከብንያም ነገድ የሆነው መቃቢስ፣ ልጆቹ አብያ፣ ሴላና ፋንቶስ፣ እንዲሁም ጣዖት አምላኪው ንጉሥ ጺሩጻይዳን ነው። ንጉሡ ወንድማማቾቹን ገድሎ ሬሳቸውን ሊያጠፋ ይሞክራል፤ ሌሊት ግን ተገልጠው ያስፈራሩታል። ከዚህ ትረካ በኋላ መጽሐፉ ደጋግሞ የሚመለስበት ጉዳይ ትንሣኤ ሙታን ነው፦ ከምድር ተቀብሮ የሚበቅለውን ዘር ምስክር ያደርጋል፤ አይሁድ፣ ሳምራውያን፣ ፈሪሳውያንና ሰዱቃውያን በዚህ ነገር ላይ እንዴት እንደተለያዩም ይተርካል። ብዙ ምሁራን እነዚህን መጻሕፍት በዚሁ በአገራችን የተደረሱ አድርገው ያዩአቸዋል። እንደዚያ ከሆነ የሰማዕታት ሬሳ ጥያቄ ኢትዮጵያውያን ደራስያንንም እንቅልፍ ነሥቶ ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ግን በአንድ መንገድ አልሄደም። በሁለተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የተጻፈው ኩፋሌ በሃያ ሦስተኛው ምዕራፉ የጻድቃን ዐፅም በምድር እንደሚያርፍ፣ መንፈሳቸው ግን ብዙ ደስታ እንደሚያገኝ ይናገራል፤ ስለ ሥጋ መነሣት ዝም ይላል። በግሪክ የተጻፈው ጥበብ ዘሰሎሞንም የጻድቃን ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት ብሎ በነፍስ አለመሞት ላይ ይቆማል። ሄኖክና ኩፋሌ በአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ጥራዝ ውስጥ ጎን ለጎን አሉ፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን በአንድ ቃል አይናገሩም። አባቶች ሁለቱንም ጠብቀው በማቆየታቸው ደግ አደረጉ።

በኢየሱስ ዘመን ጉዳዩ የፓርቲ ክርክር ሆኖ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የቤተ መቅደሱ ባለሥልጣናት ሰዱቃውያን ትንሣኤ የለም ይላሉ፤ ፈሪሳውያን አለ ይላሉ። ሰዱቃውያን ሰባት ወንድማማቾች ያገቧትን ሴት አንሥተው በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች ብለው ሲጠይቁ ነገሩን ለማስቂያነት ነበር ያመጡት። ጳውሎስም በሸንጎ ፊት ቀርቦ የሚከሰሰው ስለ ሙታን ተስፋ መሆኑን ጮኾ ሲናገር ሸንጎው ለሁለት ተከፈለ። በዚያ ዘመን በኢየሩሳሌም ሬሳው በዋሻ መቃብር አንድ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ዐፅሙ ተለቅሞ በትንሽ የድንጋይ ሣጥን ይቀመጥ ነበር። በ1990 ቀያፋ የሚል ስም የተጻፈበት ሣጥን በኢየሩሳሌም ተገኝቷል። ሰዱቃዊ የክህነት ቤት እንኳ ዐፅሙን በክብር ለቅሞ ማስቀመጡን ሳስብ ልማዱ ብቻውን የትንሣኤ እምነት ማስረጃ ነው ለማለት አልደፍርም።

የሄኖክ መጽሐፍ የምሳሌዎቹ ክፍል የተጻፈው በዚሁ ዘመን አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። በኩምራን አልተገኘም፤ በሙሉ የደረሰን በግእዝ ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ምድር አደራዋን ትመልሳለች፤ ሲኦልም የተቀበለውን ይመልሳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በበረሓ የጠፉት፣ አውሬ የበላቸው፣ የባሕር ዓሣ የዋጣቸውም ይመለሳሉ ይላል። ልብ በሉ፤ ደራሲው በመቃብር ባሉት አልረካም። መቃብር የሌላቸውን አንድ በአንድ እየጠራ ነው።

ከዚያ በ30 ገደማ ኢየሱስ ተሰቀለ። የስቅላት ቅጣት ዋና ዓላማው ማዋረድ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተሰቀለው ሰው ለወፍና ለውሻ ይቀር ነበር። አስከሬኑን ለምኖ በአዲስ መቃብር ያኖረው የአርማትያሱ ዮሴፍ ሥራው ከኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሥራ ጋር የሚቆጠር ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ተከታዮቹ መቃብሩ ባዶ መሆኑንና ጌታ መነሣቱን መናገር ጀመሩ። ፈሪሳውያን የሚጠብቁት በዘመን ፍጻሜ ሁሉም በአንድነት የሚነሡበትን ቀን ነበር። አንድ ሰው ብቻውን፣ ቀድሞ፣ በታሪክ መካከል ይነሣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አዲሱ ነገር ይህ ነው። ጳውሎስ በ50ዎቹ አጋማሽ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስን ላንቀላፉት በኵራት ያደረገው ለዚህ ነው፤ አንዱ ከተነሣ መከሩ ተጀምሯል ማለት ነውና። እንዴት ያለ ሥጋ ለሚለው ጥያቄም የዘሩን ምሳሌ አነሣ፤ የሚነሣው መንፈሳዊ አካል ነው አለ። በአቴና አርዮስፋጎስ ይህንኑ ሲሰብክ አንዳንዶቹ ሳቁበት። ለተማረ ግሪክ ከሥጋ መላቀቅ እንጂ ወደ ሥጋ መመለስ ተስፋ አልነበረም። ከጳውሎስ በኋላ የተጻፉት የሉቃስና የዮሐንስ ወንጌላት የተነሣው ጌታ ዓሣ መብላቱን፣ ቶማስም የጎኑን ቍስል እንዲዳስስ መጋበዙን አጥብቀው ይተርካሉ። ምትሐት ነው የሚል እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል።

በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አቃጠሉ። ሰዱቃውያን ከቤተ መቅደሱ ጋር ከታሪክ ወጡ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ አይሁዳዊ ደራሲ ሐዘኑን በዕዝራ ስም ጻፈ፤ እኛ ዕዝራ ሱቱኤል የምንለው ነው። መልአኩ ዑራኤል ለዕዝራ ጥያቄ ሲመልስ የነፍሳትን ማደሪያ በማኅፀን ይመስለዋል፦ ቀኗ የደረሰ እናት መውለዷን ማቆየት እንደማትችል፣ ማደሪያዎቹም የተቀበሉትን ለመመለስ ይቸኩላሉ። ነፍስ ከሞት በኋላ በሰባት መንገድ ምን እንደሚያጋጥማት የሚዘረዝረው የሰባተኛው ምዕራፍ ትልቅ ክፍል ከላቲኑ መጽሐፍ ጠፍቶ ነበር። ቤንስሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1875 በፈረንሳይ አሚየን ከተማ የተገኘውን የላቲን ቅጂ እስኪያሳትም ድረስ ምሁራን ያንን ክፍል ያነቡት ከነበረባቸው ቋንቋዎች አንዱ ግእዝ ነው፤ ሎረንስ የግእዙን ዕዝራ በ1820 አሳትሞት ነበርና።

ከቤተ መቅደሱ ጥፋት የተረፉት ረቢዎች የፈሪሳውያንን መንገድ ያዙ። በ200 ገደማ የተጠናቀቀው ሚሽና ትንሣኤ ሙታን በኦሪት የለም የሚል በሚመጣው ዓለም ዕድል የለውም ብሎ በየነ። በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚጸለየው የአሚዳ ጸሎት ሁለተኛው በረከት ሙታንን ለሚያስነሣ አምላክ የሚቀርብ ነው። ክርክሩ በአይሁድ ዘንድ በዚህ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

በክርስቲያኖች ዘንድ ግን ገና መጋሉ ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት ሥጋ የክፉ ፈጣሪ ሥራ ነው፣ የሚድነው መንፈስ ብቻ ነው የሚሉ መምህራን በዙ። በዚያ መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተጻፈው፣ ሐዋርያት ለአብያተ ክርስቲያናት የላኩት ደብዳቤ ሆኖ የቀረበው ጽሑፍ መልስ ይሰጣቸዋል። የተነሣው ጌታ ጴጥሮስና ቶማስ ቍስሉን እንዲዳስሱ፣ እንድርያስም እግሩ መሬት መርገጡን እንዲያይ ያዛል፤ የምትሐት እግር ምድር አይነካም ይባል ነበርና። ካርል ሽሚት በ1895 ካይሮ ውስጥ የተጎዳ የቅብጥ ቅጂውን አገኘ፤ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግን ግእዝ ነው፤ በ1913 ታተመ። በ135 ገደማ የተጻፈው ራእየ ጴጥሮስም እንዲሁ ነው። በ1886 እና 1887 መካከል በግብፅ አክሚም በአንድ መቃብር የተገኘው ግሪኩ ከፊል ነው፤ ሙሉው ትረካ የታወቀው ግሬቦ የተባለው ፈረንሳዊ የግእዙን ጽሑፍ ከ1907 እስከ 1910 ሲያሳትም ነው። በዚያ ራእይ እግዚአብሔር አራዊትና አዕዋፍ የበሉትን ሥጋ ሁሉ እንዲመልሱ ያዛል። የሄኖክ ዝርዝር ነው፤ አሁን በክርስቲያን አፍ።

አሳዳጆቹም ይህን እምነት ያውቁት ነበር። በ177 በሊዮን ከተማ ብላንዲና የተባለችው ባሪያና ሌሎች ክርስቲያኖች ከተገደሉ በኋላ ሬሳቸው ስድስት ቀን በሜዳ ተጣለ፤ ከዚያም ተቃጥሎ ዐመዱ ወደ ሮን ወንዝ ተጠረገ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ያቆየው ደብዳቤ ምክንያቱን ይነግረናል፦ የትንሣኤ ተስፋ እንዳይኖራቸው ነበር። ኢሬኔዎስ ጳጳስ ሆኖ የተሾመው በዚህች ከተማ ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በመናፍቃን ላይ ሲጽፍ አምስተኛውን መጽሐፍ ይህ ሥጋ ይነሣል ለሚለው ነገር ሰጠው። የእስክንድርያው ኦሪጀንስ ኋላ ነገሩን ወደ መንፈሳዊው አዘንብሎ ሲተረጕም ብዙዎች የተቆጡበትን ምክንያት እዚህ ላይ ይመስለኛል የማገኘው። ዐመዱ ወንዝ የገባ ወንድም ያለው ሰው ነገሩን ረቂቅ ሲያደርጉበት አይወድም። በ381 የቍስጥንጥንያ ጉባኤ የሙታንን መነሣት ተስፋ በጸሎተ ሃይማኖት መዝጊያ ላይ አኖረው።

የጊዮርጊስ ገድል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። (በአራዳ ልጅ ፊት ይህን ስም የጠራ መጀመሪያ ታቦቱን ይሁን የእግር ኳስ ክለቡን መለየት አለበት፤ እኔ የማወራው ስለ ልዳው ሰማዕት ነው።) በጥንታዊው ገድል ንጉሥ ዱድያኖስ ከሰባ ነገሥታት ጋር ተቀምጦ ሰባት ዓመት ያሠቃየዋል። ሦስት ጊዜ ይሞታል፤ ሦስት ጊዜ ይነሣል። ሥጋው ተፈጭቶ፣ ተቃጥሎ፣ ዐመዱ በይድራስ ተራራ ላይ ይበተናል፤ ዐመዱ የነካው ዕፅና ቅጠል ስሙን ይጠራል፤ እርሱም ሕያው ሆኖ ይመለሳል። ሮም በአምስተኛውና በስድስተኛው መቶ ዓመት አካባቢ ይህን ገድል ከማይነበቡት መደበችው። የኋለኞቹ ግሪኮችም ተደጋጋሚውን ሞት ቀነሱት። ቅብጦችና ኢትዮጵያውያን እንዳለ አቆዩት። ለዘመናዊ አንባቢ ሦስት ጊዜ መሞት የተጋነነ ይመስለዋል፤ ከሄኖክ እስከ ሊዮን ያለውን መንገድ ለተጓዘ ግን ገድሉ የድሮውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ጫፍ ድረስ ወስዶ መልስ ሰጥቶበታል። የፈጨው ወፍጮ፣ ያቃጠለው እሳት፣ የበተነው ነፋስ አንዱም አልበቃም። ሰማዕትነቱ ሚያዝያ 23፣ የዐፅሙ መበተን ደግሞ ጥር 18 ቀን ዝርወተ ዐፅሙ ተብሎ ይከበራል።

የጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ዓ.ም ዓድዋ ዘምቷል። ከድሉ በኋላ ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ካቴድራል በአራዳ ተሠራ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም ዘውድ የጫኑበት ነው። ሰፈሩ ያኔ የብዙ ሕዝብ መኖሪያ ነበር። ከኤደን የመጡ አይሁድ በቤኒን ሰፈር ምኩራብ ነበራቸው፤ የአሚዳን ጸሎት ዕለት ዕለት በዕብራይስጥ ያደርሱ ነበር። አርመኖችም የራሳቸውን ጊዮርጊስ በአቅራቢያው ሠርተዋል። አይሁዱም ክርስቲያኑም፣ በአንድ ሰፈር፣ የሙታንን መነሣት በየቋንቋው ይጠብቅ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም ፋሺስቶች አቡነ ጴጥሮስን በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ገደሏቸው፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ አውግዘው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 12 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በፋሺስቱ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ሦስት ቀን በዘለቀው ጭፍጨፋ ሰው ከነቤቱ ተቃጠለ፤ ጊዮርጊስም በእሳት ተያያዘ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 አድርሶታል፤ ብዙዎቹ ስማቸው የተጻፈበት መቃብር የላቸውም። ካቴድራሉ ከነጻነት በኋላ ታድሶ አፈወርቅ ተክሌ በሥዕልና በባለ ቀለም መስታወት አስጊጦታል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በስማቸው በሚጠራው አደባባይ ከጊዮርጊስ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ በ2005 ዓ.ም ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ተነሥቶ ኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። አስከሬናቸው ያረፈበት ስፍራ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።